ክብርት ሰብሳቢና ስፒል የተሰካባቸው ናሙናዎች

የቡድን ሥራ የሚባል ነገር እስካለ ድረስ ሰብሳቢ አትጠፋም። ማንም አይመርጣትም፤ ራሷን ትመርጣለች፣ ራሷ ታጨበጭባለች፣ ከዚያ ትቀመጣለች። እናንተም ታውቋታላችሁ። አብራችሁ ተምራችኋል፣ ወይም አብራችሁ ትሠራላችሁ፤ ፈጣሪ ትዕግስታችሁን ሊፈትን ከወደደ ደግሞ እንደ እኔ አብራችሁ ትኖራላችሁ።

የእኔዋ የወንድሜ ልጅ ናት፤ የአስረኛ ክፍል ተማሪ። ትምህርት ቤቷ ለቤቴ ስለሚቀርብ እኔ ዘንድ ናት። መምህሩ "በአፍላ ወጣቶች ላይ የሚደርሱ ችግሮች" በሚል ርዕስ በቡድን አጥንታችሁ ወላጆች ፊት አቅርቡ ካሏቸው ቀን ጀምሮ ግን የወንድሜ ልጅ መሆኗ ቀርቶ ክብርት ሰብሳቢ ሆነዋል። ሳሎኔም ጽሕፈት ቤታቸው ሆነ።

ሳሎን ስል ልብስ የምሰፋበትም እሱ ነው። በአንዱ ጥግ የስፌት መኪናዬ፣ በሌላው ደንበኛ የሚለካበት መስታወት፣ መሃል ላይ ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ። ክብርት ሰብሳቢ ጠረጴዛውን በፍሊፕ ቻርት ትልልቅ ወረቀቶች ወረሱት። "ለጥናቱ ግብዓት ነው" ካሉ የማይወሰድ ነገር የለም፤ ሜትሬም፣ የወንበሬ ትራስም፣ ጠመኔዬም ሄዷል። እኔ ራሴ "ባለድርሻ አካል" ተብያለሁ። ባለድርሻነቴ የሚታወሰው ሻይ ሲያምራቸው ነው።

ጥናቱ ትልልቅ ሰዎችንም መጠየቅ ነበረበት። ሰው መንገድ ላይ ሲጠየቅ ግን ቸኩያለሁ ይላል። ክብርት ሰብሳቢ መላ አገኙ። ልብሱ ላይ ስፒል የተሰካበት ሰው ወዴትም አይሮጥም። እኔ ተንበርክኬ ጠርዝ ስለካ እርሳቸው ከኋላዬ እስክሪብቶ ይዘው ብቅ ይላሉ። በእኛ ዕድሜ ሳሉ ከወላጆችዎ ጋር ይጋጩ ነበር? ጓደኞችዎ ወደ መጥፎ ነገር ይገፋፉዎት ነበር? አንዲት የሙሽራ እናት ቀሚሴን ላስጠብብ እንጂ ልመሰክር አልመጣሁም ብለው ተቆጡ። አንድ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ በበኩላቸው ገና አባታቸውን ሲያነሱ ሆድ ባሳቸውና፣ ስፒሉን ከሱሪያቸው ነቅዬ ከጨረስኩ በኋላም አልሄድ አሉኝ።

ከሁሉ የሚብሰው መልስ አለመጠበቃቸው ነው። ይጠይቃሉ፤ ተጠያቂው ትንፋሽ ሲስብ ይጽፋሉ። "ምን ሊሉ እንደሆነ አውቃለሁ እኮ" ይሉታል። እኔንም ጠየቁኝና አፌን ሳልከፍት ጽፈው ጨረሱ። ምን አልኩ ብላቸው፣ የዛሬ ልጆች ስልክ ያበዛሉ ብለሻል አሉኝ። አላልኩም። ልል ግን ነበር። የሚያናድደውም እሱ ነው።

ጠዋት ጠዋት ስጸልይ፣ አምላኬ ሆይ፣ ወይ ለእሷ ዝምታ ስጣት፣ ወይ የእኔን ጆሮ ድፈንልኝ እላለሁ። ከምስጋናዬ ቀጥሎ ማለቴ ነው፤ የማመሰግንበት አላጣሁም።

ማቅረቢያው ሲቃረብ አንዲት ደንበኛ አጣደፈችኝና፣ ጠረጴዛው ላይ ካገኘሁት ወረቀት ጀርባ የኮት እጅጌ ነድፌ መቀሴን አሳረፍኩበት። ገልብጬ ባየው "በሰው ፊት መናገርን መፍራት" የሚለውን ርዕስ ለሁለት ከፍዬዋለሁ። ክብርት ሰብሳቢ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጥናታቸው እጅጌ ሆኖ ጠበቃቸው። ቤቱን ለቅሶ ቤት አደረጉት። እንደገና ለመጻፍም ማርከሩ አልቋል። ምን ላድርግ፣ ቁራጮቹን ገጥሜ በስፌት መኪናዬ ሰፋኋቸው። መኪናው ላይ የነበረው ክር ቀይ ነበር።

ያ ርዕስ የደረሰው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከክብርት ሰብሳቢ ጎን ለምትቀመጥ ጓደኛቸው ነው። ከቅጥነቷ የተነሳ ጭራሮ ይሏታል። ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ልጅ ናት፤ ርዕሱ ከተሰጣት ወዲህ ግን ስብሰባ አልመጣ አለች። ክብርት ሰብሳቢም ውሳኔ አሳለፉ። ጭራሮ ሰነፍ ስለሆነች ከቡድኑ ትሰረዛለች፤ ነገ ለመምህሩ ይነገራል። መምህሩ ደግሞ ቆሞ ያልተናገረ ማርክ የለውም ብለዋል። ልጅቷ ከተሰረዘች ትምህርቱን ወደቀች ማለት ነው።

በዚያው ከሰዓት፣ ክብርት ሰብሳቢ ማርከር ፍለጋ እንደወጡ፣ ጭራሮ ጠርዙ የተተረተረ የደንብ ልብስ ቀሚሷን ይዛ መጣች። ለብሳው መስታወቱ ፊት ቆመች፤ ስፒል ስሰካ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። በርዶሽ ነው ወይ አልኳት። አይደለም። ሰው ፊት እንደምትቆም ስታስበው ነው። ድምጿ ይጠፋል፣ ጉልበቷ ይከዳታል። ለጓደኛሽ ለምን አትነግሪያትም ብላት፣

"እትዬ፣ እንዳትነግሪያት" አለች። "ትመዘግበኛለች።"

ቃል ገባሁላት። ክብርት ሰብሳቢ ሲመለሱ ግን ለምን እንደቀረች ጠይቀዋት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ምን እንደምትል አውቃለሁ እኮ።"

"አልጠየቅሻትም ማለት ነው። ሂጂና ጠይቂያት። ከዚያ ዝም በዪ።"

"ለስንት ደቂቃ?"

"እስክትጨርስ።"

የወንድሜ ልጅ ጓደኛዋ ቤት ሄደች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ስለ መሰረዝም አላነሳችም።

በማቅረቢያው ቀን እኛ ወላጆች የተማሪ ዴስክ ውስጥ ጉልበታችን አልገባ ብሎን ተደርድረናል። ተራው የጭራሮ ሆነ። ቆመች። አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ከኋላ አንዱ ሳቁን ሳል አስመሰለው። የወንድሜን ልጅ አየኋት። የጭራሮን ንግግር ከነነጥቡ በቃሏ ታውቀዋለች፤ እኔ እንኳ ሳልወድ ሸምድጄዋለሁ። እጆቿን ከኋላዋ ቆልፋ ከንፈሯን ነክሳለች። መምህሩ ሰብሳቢዋ ትቀጥልላት እንደሆነ ጠየቁ።

"እንጠብቃት" አለች ልጄ።

ጠበቅናት። ጭራሮ ዞር ብላ ፍሊፕ ቻርቱን አየች፣ ቀዩን ክር።

"ይህ ርዕስ" አለች በቀጭን ድምፅ፣ "እንደምታዩት፣ አንዴ ተቆርጦ ነበር።"

ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም በዚያ ከመንገድ ማዶ በሚሰማው ሳቋ ሳቀች። ከዚያ ክብርት ሰብሳቢ ያዘጋጁላትን ትታ ስለ ገዛ ጉልበቷ ነገረችን። እስክትጨርስ ማንም አልሳለም።

አመሻሹ ላይ የራሴን ቀሚስ ለብሼ መስታወቱ ፊት ቆምኩና፣ ከኋላ በኩል ስፒል እንድትሰካልኝ ጠራኋት። ሰክታ ስትጨርስ፣

"አክስቴ፣ አንቺ በእኔ ዕድሜ ሳለሽ ምን ያስጨንቅሽ ነበር?" አለችኝ።

እስክሪብቶ አልያዘችም። ጠበቀችኝ። ያን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ትምህርቴን ማቋረጤ አልኳት። አሁንም ጠበቀች። መጽሐፍ እየተዋስኩ እንዴት በራሴ እንደተማርኩ፣ ያልገባኝን የሚያስረዳኝ ሰው ሳጣ እንዴት እንደማለቅስ፣ ተነግሮ የማያውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ያን ያህል ዝም ስትል ቤቱ ጭር አለብኝ። ለካ እንዲህ እንዲሆን ነበር ስጸልይ የከረምኩት።

ደግነቱ ብዙ አልቆየም።

"ይሄ እኮ ለሚቀጥለው ጥናት ትልቅ ግብዓት ነው" አሉ ክብርት ሰብሳቢ፣ እስክሪብቶ ፍለጋ ጠረጴዛዬን እያተረማመሱ።

ስፒል ተሰክቶብኛል፤ ወዴት እሄዳለሁ።

"ጠይቂኝ" አልኳቸው።