ከእኔ በሰባት ዓመት የምታንሰው እናቴ

ስህተቱን ያየሁት ማህተሙ ከደረቀ በኋላ ነው። በእናቴ በወይዘሮ እታለም አዲስ መታወቂያ ላይ ስሟ ትክክል ነው፣ ፎቶዋ ትክክል ነው፣ የደም ዓይነቷ እንኳ ተጽፏል። የትውልድ ዘመኗ ግን 1977 ይላል። 1977 እናቴ ከወሎ በመኪና ተጭና መጥታ አሶሳ የሰፈራ መንደር የወረደችበት ዓመት ነው። የቀበሌው ጸሐፊ ከድሮው የሰፋሪ ካርዷ ላይ «የገባችበት ዘመን» የሚለውን አገኘና፣ ሰው ወደ ዓለምም ሆነ ወደ አሶሳ የሚገባው አንድ ጊዜ ነው ብሎ መሆን አለበት፣ እንዳለ ገለበጠው። ስለዚህ በመዝገብ እናቴ የተወለደችው ከጭነት መኪና ላይ ነው፤ ስትወለድም የሰባት ዓመት ልጅ በእጇ ይዛ ነበር። ልጅቷ እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። የከተማችን ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በዚህ ዓመት ለአረጋውያንና ለተንከባካቢዎቻቸው የሠራውን ታሪካዊ ሥራ በወረቀት ሳላሰፍር ብሞት ስለሚቆጨኝ ነው፤ መሞቴም አይቀርም፣ ሰሞኑን ጎኔን ይወጋኛል።

ነገሩ የተጀመረው አከራያችን አቶ ዲሳሳ ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ፣ ከተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች እናቴ የምትተኛበትን እስከ ሰኔ ሠላሳ እንድንለቅላቸው ሲነግሩን ነው። በቀረችው ክፍል እኔና ሦስት ልጆቼ እንደምንም እንተኛለን። ለእናቴ ግን ቦታ የለም። ያላት ዕድል ወደ ሰፈራ መንደሯ መመለስ ነው። እዚያ የቀራት ዘመድ የለም፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ለመኪና አይሆንም። ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ ዓይኗ የሚያየው ጥላ ብቻ ነው፤ ጉልበቷ ያለ ሰው አያስነሣትም። እኔ ደግሞ ገና በግንቦት፣ በሐምሌ ጭቃ ላይ ተንሸራታ ስትወድቅ፣ የሚያነሣት ሳይኖር ሲመሽ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ።

በዚያው ሳምንት ጽሕፈት ቤቱ ለአረጋውያን በአነስተኛ ኪራይ የሚሰጡ ስድስት ክፍሎች ሠርቶ መጨረሱን፣ በተጓዳኝም አረጋውያንን የሚንከባከቡ ሰዎች የሚደጋገፉበት ማኅበር ማቋቋሙን በድምፅ ማጉያ እየዞረ አስነገረ። ክፍሎቹ የሚወጣ ደረጃ የላቸውም፤ ወለላቸው ሊሾ ነው፤ ጤና ጣቢያው አጠገባቸው ነው። እኔ እንዲህ ያለ መልካም ነገር ስሰማ የማስበው፣ መጥፎው ከኋላው በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ብቻ ነው። መጥፎው በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቢሮ እንደተከፈተ ደረሰ።

አስተባባሪው አቶ ጌትነት ሥነ ሥርዓት የሚያውቅ ወጣት ነው። እናቴን ደግፌ ሳስገባት ከወንበሩ ተነሥቶ «እማማ፣ አረፍ ይበሉ» አላት። ከዚያ መታወቂያዋን አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

«እህታችን፣ አርባ አንድ ዓመትሽ ነው። ቤቱ ከስድሳ በላይ ለሆኑት ነው።»

እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ማንን ነው የሚያናግረው?» አለች።

የጸሐፊው ስህተት መሆኑን አስረዳሁት። እሱም በትዕግሥት የሚታረምበትን አሠራር አስረዳኝ። ስትወለድ በቦታው የነበሩ ሦስት ምስክሮች መቅረብ አለባቸው።

«ሞተዋል እኮ» አልኩት።

«የሞት የምስክር ወረቀታቸው ይምጣ።»

«እሱ ሲመጣ ይታረማል?»

«በሞተ ሰው ምስክርነት አይታረምም። ፋይሉ ግን የተሟላ ይሆናል።»

ባዶ እጃችንን ግን አልሸኘንም። የተንከባካቢዎች ማኅበር በጀት የመጣው ከሴቶችና ወጣቶች መርሐ ግብር ስለሆነ፣ አባል ለመሆን ዕድሜ ከአሥራ ስምንት እስከ አርባ አምስት መሆን አለበት። እኔ አርባ ስምንት ስለሆንኩ አልፎኛል። እናቴ ግን አሟልታ ተገኘች። አቶ ጌትነት ቅጹን ስቦ፣ ተንከባካቢ በሚለው ቦታ «እታለም» ብሎ ጻፈ። የምትንከባከበው አረጋዊ በሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አቆመ።

«ከቤተሰቡ በዕድሜ የሚበልጠው ማነው?»

በመዝገቡ መሠረት እኔ ነበርኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አቶ ጌትነት እናቴን «አንቺ»፣ እኔን «እርስዎ» እያለ ያናግረናል። ስንወጣም «እማማ፣ ደረጃውን ቀስ ይበሉ» ብሎ ክንዴን ያዘኝ። እናቴን የያዛት ግድግዳው ነው።

ጎረቤቴ ዐዋጢፍ ደግሞ አባቷን ሼህ ጣሀን የምታስታምም የሆሞሻ ወረዳ ሴት ናት። የቤታቸው ጣሪያ ስለሚያፈስ እሷም ቤቱን ፈልጋ ሄዳ ነበር። የሼህ ጣሀ ዕድሜ ሰማንያ ሦስት ነው፤ ወረቀታቸው ምንም አይወጣለትም። እሷን የመለሳት መስፈርቱ ነው። አረጋዊው ጧሪ የሌለው መሆን አለበት፤ ቅጹ ግርጌ ላይ ደግሞ የጧሪው ፊርማ ያስፈልጋል። ብትፈርም ጧሪ አላቸው፣ ባትፈርም ቅጹ ጎዶሎ ነው። በአጥር ላይ ቆመን የእኔን ስነግራት ጉንጯን ይዛ ሰማችኝ።

«ቆይ፣ እናትሽ አርባ አንድ ዓመት ከሆነ፣ አንቺን ማን ወለደ?»

«እሱን ገና አልጠየቁኝም።»

«ወላሂ ይጠይቃል። እሱም ሦስት ምስክር አምጪ ይላል።»

ይህን በማለቷ ሦስት ሌሊት ጣራ ሳይ አደርኩ።

ማኅበሩ በደማቅ ሥነ ሥርዓት ሥራውን ጀመረ። ለእናቴ «ተንከባካቢ ጀግና ናት» የሚል ቲሸርት ደረሳት፤ በቀሚሷ ላይ ደረበችው። እኔ አባል ስላልሆንኩ እሷን አስገብቼ ውጭ ማንጎው ሥር እጠብቃለሁ። የመጀመሪያው ሥልጠና ስለ ድካም ነበር። ተንከባካቢ ራሱን መርሳት የለበትም፣ ቀን ቀን ጋደም ይበል፣ ሥራውን ቤተሰብ ይጋራው ተባሉ። ማታ ጫማዋን ሳወልቅላት እናቴ ሥልጠናው አዲስ ነገር እንዳልሆነባት ነገረችኝ።

«እኔ ይሄን ስድስት ዓመት ሳልሠለጥን ሠርቸዋለሁ» አለች።

በሁለተኛው ስብሰባ አንድ ያልታሰበ ችግር ተከሰተ። ተንከባካቢዎቹ የሚንከባከቧቸውን ሰዎች ጥለው መምጣት አልቻሉም። ለተንከባካቢዎች ስብሰባ ጊዜ ያላት ብቸኛ አባል እናቴ ሆነች፤ አቶ ጌትነትም ይህን ትጋት አይቶ ሰብሳቢ አደረጋት። በሦስተኛው፣ እሷም አባል የነበረችው ዐዋጢፍ መላ አገኘች። አባቷን ይዛ መጣች፣ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፣ «እኔ ገበያ አለኝ፣ አባቴ ለእኔ ይሰበሰባል» ብላ ሄደች። ሌሎቹም እንደ እሷ አደረጉ። በአንድ ወር ውስጥ አባላቱ በሙሉ በሕጋዊ ውክልና ተተክተው፣ በተንከባካቢዎች ማኅበር ውስጥ አንድም ተንከባካቢ አልቀረም። ተወካዮቹ ከጠዋት እስከ ምሳ ስለ ቁርጥማትና ስለ ምራቶቻቸው በስፋት ይወያያሉ። ምልዓተ ጉባኤ ጎድሎ አያውቅም። የሚወጣ የለም፤ ለመነሣት ሰው ይፈልጋሉና።

በዚህ መሀል ሰኔ ሃያ ደረሰ። አቶ ዲሳሳ የሙሽሮቹን አልጋ ገዝተው፣ ቀና ብሎ እንዲታየን ደጃችን ላይ አቆሙት። ስድስቱ ክፍሎች ግን ባዷቸውን ነበሩ። ዕድሜው የሞላ፣ ጧሪ የሌለው፣ የጧሪውን ፊርማ ይዞ የቀረበ አረጋዊ በከተማው አልተገኘም። በዚያ ላይ በሰኔ ሃያ አምስት ከበላይ አካል ጎብኚ እንደሚመጣ ተነገረ። ያን ጊዜ አቶ ጌትነትን አየሁት፤ ዓይኑ የእኔን ዓይን መስሏል።

ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ፣ ጠዋት ማኅበሩን ሰበሰበና የደረሰበትን አቅጣጫ አስቀመጠ። የተሠራ ቤት ባዶ ሆኖ አይታይም። ስለዚህ አንዱ ክፍል የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ አምስቱ የንዑስ ኮሚቴዎች ቢሮ ይሆናሉ፤ ክፍሎቹም በየኃላፊው እጅ ይገባሉ። ለእናቴ የመጀመሪያው ደረሳት። ሼህ ጣሀ ብቻቸውን የግምገማ ንዑስ ኮሚቴ ሆኑ።

ከሰዓት በኋላ የእናቴን አልጋ በጋሪ አስጭኜ አመጣሁ። አቶ ጌትነት በሩ ላይ አገኘን።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መቀመጫ ነው» አለችው እናቴ። «ስብሰባችን ረጅም ነው።»

አልጋውን አየ፣ ቀኑን በጣቱ ቆጠረ፣ ከዚያ ከመንገድ ዞር አለልን። ከእኛ ኋላ የዐዋጢፍ ጋሪ ይጠብቅ ነበር።

ጉብኝቱ የተሳካ ነበር። በሪፖርቱ እንደቀረበው፣ ለአረጋውያን የተሠሩት ቤቶች በአረጋዊ እጦት ምክንያት ወደ ቢሮነት ተለውጠዋል፤ ኃላፊዎቹም ከሥራ ሰዓት ቀድመው የሚገቡ፣ በእሑድ እንኳ ከቢሯቸው የማይታጡ ናቸው። የመጡት እንግዳ እናቴን ጨብጠው፣ እጃቸው ላይ ያለውን ወረቀት ተመልክተው፣ እንዲህ ያሉ ወጣት አመራሮች መበራከት እንዳለባቸው ንግግር አደረጉ። እናቴ ዕድሜ ይስጥህ አለቻቸው። ተጨበጨበ።

ወደ ኋላ ልመለስና፣ አልጋዎቹ በገቡበት ቀን ሁሉም ሲደሰት፣ ቢሮ ማታ ማታ እንደሚዘጋ ያሰብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት አብሬያት ላድር፣ ልጆቼን ለትልቋ አደራ ብዬ፣ ራት በሳህን ይዤ ገባሁ። የማኅበሩ ተጠቃሚ አረጋዊት ስለሆንኩ የከለከለኝ የለም። ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጥበቃው ጋሽ ለገሰ ስድስት ጓጉንቸር አንጠልጥለው መጡ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ሰው አይገኝም፤ በሩም ከውጭ ይቆለፋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀምሯል። አልጋውን በየትኛው ጋሪ፣ እናቴን በየትኛው ጀርባ እንደምመልስ እያሰብኩ ለልመና ስነሣ፣ ቀደመችኝ።

«ስብሰባ ላይ ነን» አለች፣ ብርድ ልብሷን ወደ አገጯ እየሳበች።

ጋሽ ለገሰ ቆም አሉ። ሃያ ዓመት በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆመው ለስንቱ ባለጉዳይ ይህንኑ ቃል ሲናገሩ ኖረዋል። ቃሉ ከተነገረ በኋላ ምንም እንደማይደረግ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

«መቼ ያልቃል?»

«ገና አጀንዳው አልተነካም።»

ከጎናችን የሼህ ጣሀ ማንኮራፋት ይሰማል። ጋሽ ለገሰ ጆሯቸውን ሰጡ።

«እነሱም ናቸው?»

«እነሱማ ግምገማ ላይ ናቸው።»

ጋሽ ለገሰ ድምፅ እንዳያሰሙ ጓጉንቸሮቹን በእጃቸው ጨብጠው፣ በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ሄዱ።

እኔም እንደ ልማዴ መጥፎውን ላስብ ሞከርኩ። ይህ ስብሰባ አንድ ቀን አልቆ፣ ተሰብሳቢዎቹ ከነአልጋቸው ሲበተኑ ላይ ፈለግሁ። አልታየኝም። አርባ ስምንት ዓመት በዚህ አገር ስኖር፣ ያለቀ ስብሰባ አይቼ አላውቅም።

ተነሥቼ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት።