«ኔትወርክ ነው» አልልም

ኔትወርክ አፍ ቢኖረው ስንቶቻችንን በከሰሰን ነበር! ሠራተኛው ሲያረፍድ ኔትወርክ ነው፤ ፋይል ሲጠፋ ኔትወርክ ነው፤ ኃላፊው ከስብሰባ ሳይመለስ ሲቀር እንኳ፣ እመኑኝ፣ ኔትወርክ ነው። መልስ በማይሰጥ ነገር ላይ ማላከክ እንዴት እንደሚጥም እናንተም ታውቁታላችሁ።

እኔ አምቦ ውስጥ፣ የልደት ምስክር ወረቀት በሚሰጥ አንድ ቢሮ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት ብቻዬን ነው፤ ስትረግሙ ሌላ ሰው አትፈልጉ። መዝገቡ ከተቀመጠበት ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኙን መስመሮች አሥር ብቻ ናቸው። ታዲያ እኔ ብልጡ፣ ቅጹ ገና ሲከፈት አንድ መስመር እንዲያዝ፣ «መዝግብ» እስኪባልም እንዳይለቀቅ አደረግኩ። ቅጹን ከፍቶ ምሳ የወጣ ሰው መስመሩን እንደያዘ ይወጣል። መናኸሪያ ላይ ጃኬቱን ወንበር ላይ ጥሎ ሻይ ሊጠጣ የሚወርደውን ተሳፋሪ ታውቁት የለ? እሱን ነው በኮድ የጻፍኩት።

አንድ ሰኞ አሥሩም ተያዙ። ስድስቱን የያዙት አለቃችን ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ «እንዳይጠፋብኝ» እያሉ ስድስት ቅጽ ከፍተው ከእንግዳ ጋር ጨዋታ ይዘዋል። መስኮቱ ላይ ሰልፉ ቆመ። ከፊት ያሉት አዴ ጫልቱ ማለዳ ከወንጪ የተነሱ እናት ናቸው። ልጃቸው ያለ ምስክር ወረቀቱ እዚህ አምቦ ትምህርት ቤት አትመዘገብም፤ ምዝገባው ደግሞ የሚዘጋው በዚያው ቀን ነው።

«ኔትወርክ ነው በላቸው፤ ነገ ይምጡ» አሉኝ ኦቦ ገመቹ።

ነገ? ለእሳቸው ነገ ማክሰኞ ነው፤ ለልጅቷ ግን የሚቀጥለው ዓመት ነው። ደሜ ፈላ።

«አልልም!»

«አለቃህ እኮ ነኝ!»

«ይሁኑ። ኔትወርኩ ግን አላጠፋም።»

መስኮቱን ከፈትኩና ጮክ ብዬ፣ «ወገኖቼ፣ ኔትወርኩ ደህና ነው! ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አሁን አስተካክላለሁ» አልኩ። ሰልፈኛው እርስ በርሱ ተያየ። ቢሮ ውስጥ «እኔ ነኝ» ሲባል ሰምቶ አያውቅማ።

ኮዱን ቀየርኩት፦ መስመሩ «መዝግብ» ሲባል ብቻ ይያዝ፤ ምዝገባው ተሳካም ከሸፈም ወዲያው ይለቀቅ። ፕሮግራሙን ዘግቼ ስከፍተው የአለቃዬ ስድስት ቅጾች ድራሻቸው ጠፋ። ጮኹ። ይጩኹ! ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዴ ጫልቱ ወረቀቱን ጉያቸው ከተው ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጡ፤ ልጅቷም ተመዘገበች። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ለጥፌዋለሁ።

በሳምንቱ ኔትወርኩ የእውነት ተቋረጠ። መስኮቱ ላይ ብቅ ብዬ፣ «ዛሬስ በእውነት ኔትወርክ የለም» አልኩ። ለታናሺቱ ልጃቸው ወረቀት ሊያወጡ የመጡት አዴ ጫልቱ በሐዘኔታ አዩኝ።

«ኢልመ ኮ፣ አይዞህ ልጄ» አሉኝ፤ «ዛሬ ደግሞ ምን አበላሸህ?»