ክቡር እንትን እና የምታፏጨው ወፍ

በየቤተሰቡ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩ የዕቃ ስም ከአፉ የማይወጣ አንድ ሰው አለ። የሌለበት ሰፈር ከተገኘ፣ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። ይህ ሰው ማንኪያውንም፣ መሰላሉንም፣ የጎረቤቱንም ልጅ በአንድ ቃል ይጠራቸዋል፦ እንትን። «እንትኑን እንትኑ ላይ አድርጊና እንትን በይው» ይልና፣ ለምን እንዳልታዘዝነው ገርሞት ያየናል።

የእኛ ሰፈር ተወካይ ከቤቴ ፊት ለፊት የሚኖሩት የሰባ አምስት ዓመት ጡረተኛ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ሰፈርተኛው ክቡር እንትን ይላቸዋል፤ እሳቸውም ማዕረጉን ያለ ተቃውሞ ተቀብለዋል።

በሥራ ዘመናቸው አብሯቸው የሠራ ሁሉ የመጀመሪያውን ሳምንት በእንባ ነው ያሳለፈው ይባላል። ጭንቅላታቸውን መታጠቢያው ሥር ቀብረው «እንትኑን አቀብለኝ» ይላሉ። ትልቁን መፍቻ ሲሰጧቸው፣ «እኔ እንትኑን አልኩህ እንጂ መቼ እንትኑን አልኩህ!» ሆኖም እጃቸው የነካው ቧንቧ ሃያ ዓመት አያንጠባጥብም።

አንድ ጊዜ ታመው ሐኪም ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት።

«የት ጋ ነው የሚያምዎት፣ አባቴ?»

«እንትኔን ነው።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች፤ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ተነሥታም መጋረጃውን ሳበች። ያን ጊዜ ከበሩ ውጭ ተቀምጣ የነበረችው ባለቤታቸው ድምጿን ከፍ አድርጋ «የግራ ትከሻውን ነው!» አለች።

ባለቤታቸው ጓደኛዬ ናት። በአርባ ሦስት ዓመት ትዳር የትኛው እንትን እንደሆነ ለመለየት አንድ ቀን ተሳስታ እንደማታውቅ ትምላለች። እኔም በስድስት ዓመት ጉርብትና አንድ ስህተት አላገኘሁባትም።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር።

ፊደል የቆጠርኩት ስልሳ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ነው። ከሰዓት በኋላ ሕፃናቱ ሲወጡ እኛ አሮጊቶቹ እንገባለን፤ ጉልበቴ ከትንሹ ጠረጴዛ ሥር አልገባም ይለኝ ነበር። ከዚያ በፊት ዓለምን የማውቃት በዓይኔ ነው። የምሳፈርበትን አውቶቡስ በተሰበረ መብራቱ፣ መድኃኒቴን በክዳኑ ቀለም፣ የልጄን ደብዳቤ በአጣጠፉ እለይ ነበር። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ግን ስም ያልተጻፈበትን ነገር ማመን አቆምኩ። ብዙ ደክሜ ያገኘሁት ነውና ፊደል ላይ ቀልድ አልወድም።

ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪም ተራመጂ ሲለኝ፣ ልጄ እኔንም ጓደኛዬንም የስልክ ጨዋታ አስለመደችን። ጨዋታው እንዲህ ነው። ስልክሽ ውስጥ አትክልት ትተክያለሽ። ውሃ የሚገኘው ግን ከቤት ውጭ፣ ካርታው ላይ ምልክት ካለባቸው ቦታዎች አጠገብ ስትደርሺ ብቻ ነው፤ ሐውልት፣ የድሮ ሰዓት፣ ሥዕል ያለበት ግድግዳ። ቦታዎቹን የሚጠቁሙት ተጫዋቾች ራሳቸው ናቸው፤ ፎቶ ያነሣሉ፣ ርዕስ ይጽፋሉ፣ ማብራሪያ ያክላሉ። ከያሉበት የሚፈርዱትም ሌሎች ተጫዋቾች ናቸው። እኔ ብዙ ስለተራመድኩ ፈራጅ ሆንኩ።

ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ያየሁትን ጉድ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ ርዕሱን «ቆንጆ ቦታ» ይለዋል። ሌላው «እዚህ ጋ»። ሌላዋ «ግድግዳ ነገር»። «ርዕስ እዚህ ይጻፉ» የሚለውን ትእዛዝ እንዳለ ትቶ የላከም አለ። ሁሉንም «አይሆንም» እያልኩ መለስኳቸው። ሌሎች ፈራጆች ዝም ብለው ቁልፉን ይጫናሉ፤ እኔ ግን መጻፍ የመቻሌ ደስታ ገና ስላልወጣልኝ ለእያንዳንዱ ምክር እጽፍለታለሁ።

ባለፉት ሳምንታት ደግሞ አንድ የባሰበት መጣ። ርዕሱ «እንትን»። ክቡር እንትን ስልክ የሚይዙት ለመደወል ብቻ ስለሆነ እሳቸውን አልጠረጠርኩም፤ በየሰፈሩ አንድ አለ ብዬ የለ? ጻፍኩለት፦ «ልጄ፣ እንትን ርዕስ አይደለም። ስሙን ጠይቀህ ተመለስ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ «ያው እንትን» ብሎ ተመለሰ። «ልጄ፣ አሁንም አልጠየቅህም።»

ሦስተኛው «ቤታችን ፊት ለፊት ያለው እንትን» ይል ነበር። «ልጄ፣ ቤታችሁን እኔ በምን አውቀዋለሁ? ስም የሌለው ነገር እንደሌለ ይቆጠራል።»

በማግስቱ ጠዋት ጓደኛዬን ልጠይቅ ሄድኩ። ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ አርባ ዘጠኝ ቀኗ ነው፤ አልጋዋን መስኮቱ ሥር አዙረውላታል። ከመውደቋ በፊት በተከታታይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቀን አብረን ተራምደን አንድ ቀን አላቋረጠችም። ባሏ ስልክሽን ይዤ ልዙርልሽ ቢላት፣ «በሰው እግር የተሄደ መንገድ የእኔ አይባልም» ብላ ከለከለችው። ስልሳ ቀን ውሃ ያልጠጣ አትክልት ከነሥሩ ይጠፋል። አሥራ አንድ ቀን ቀርቷታል።

«ጉድ ልንገርሽ» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። «ለካ ይሄ ሰውዬ በድብቅ ጨዋታው ውስጥ ገብቶ፣ ከአልጋዬ ሆኜ ውሃ እንድቀዳ እንትኑን ሲያስመዘግብልኝ ኖሯል። ሦስት ጊዜ መለሱበት! ከሚፈቀደው አራት አንድ ጊዜ ነው የቀረው። ትናንት ነው የነገረኝ።»

«ርዕሱን ምን ብሎት ነው?» አልኩ።

«እንትን ብሎታል፤ ሌላ ምን ይበለው? ግልጽ አይደለም እንዴ? ደግሞ የከለከለው ሰው ‹ልጄ› እያለ ነው የሚመክረው! የሰባ አምስት ዓመት ሽማግሌ!»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። በሃያ እርምጃ ርቀት፣ በየቀኑ የማልፈው የሰፈሩ ቦኖ ቆሟል። አናቱ ላይ ከቧንቧ ቁርጥራጭ የተሠራች ወፍ አለች፤ ክንፏ የቧንቧ መገጣጠሚያ፣ ምንቃሯ ቀጭን ቱቦ። ፎቶዋ ሦስት ጊዜ እጄ ላይ ገብቷል። እኔ ግን ርዕሱን አንብቤ ፈረድኩ እንጂ ቀና ብዬ አላየሁትም። ስልሳ ዓመት በዓይኗ ብቻ የኖረች ሴት፣ ማንበብ ብትችል ማየት ተወች።

«ፈጣሪ ዓይኑን ያብራለት» አለች ጓደኛዬ። «እምቢ ካለም መነጽር ይግዛለት።»

ይህን ስትል የምታየው የእኔን መነጽር ነበር። አቧራ ይዞ መሰለኝና በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁት።

ከዚያው ወጥቼ ክቡር እንትንን ቦኖው ጋ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«እንትን ነዋ!»

«የትኛው እንትን?»

«ውይ! ይሄ እንትን ነው የምልሽ!» ብለው በመፍቻ መቱት፤ እንደ ደወል ጮኸ።

«ማን ሠራው?»

መፍቻውን ቦኖው ላይ አስቀመጡ። «እኔ» አሉ። «ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው እንትን ነው፣ አየር። ያፏጫል። እሷ ያኔ ሙሽራ ናት፤ ፉጨቱን ስትሰማ ባልዲዋን ጥላ ትሮጣለች። ሰው ይስቅባት ነበር። የተረፈውን ቁርጥራጭ ሰብስቤ በየድኩት። ‹ወፏ ናት የምታፏጨው፣ አትፍሪ› አልኳት።»

ክቡር እንትን አንድን ነገር በስሙ ሲጠሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ርዕሱን እኔ ጻፍኩላቸው፦ «ውሃ ሲመጣ የምታፏጭ የብረት ወፍ»። ማብራሪያውን ራሳቸው በአንድ ጣት፣ ላብ እያጠመቃቸው ጻፉ፦ «ሚስቴ እንዳትፈራ የተሠራ»። አንድ ቃል አልነካሁባቸውም።

ጥቆማው ለፍርድ በእኔም ስልክ ላይ መጣ። ርዕሱን የጻፍኩት እኔ ነኝና መፍረድ አይገባኝም፤ ለሌሎች ፈራጆች አሳለፍኩት። ግን ከማሳለፌ በፊት ፊደሉን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ፎቶውን ደኅና አድርጌ አየሁ። ከዚያ ወዲህ የሁሉንም እንዲህ ነው የማየው፤ «ቆንጆ ቦታ» ከተባሉት ውስጥም ሁለት በእውነት ቆንጆ ቦታዎች አግኝቻለሁ።

በስምንተኛው ቀን፣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከመስኮቱ እልልታ ሰማሁ። ጓደኛዬ አልጋዋ ላይ ሆና ውሃ ቀዳች።

ደስታው አላስችል ስላለኝ፣ ቦኖው ጋ ክቡር እንትንን ለብቻቸው ይዤ ተናዘዝኩ። «ጋሼ፣ ያ ሦስት ጊዜ የከለከለዎት ሰው...»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«‹ልጄ› እያለ የሚከለክል ሌላ ማን አለ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ለእሷስ ነግረዋታል?»

«እንዴት ተደርጎ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ጓደኛሽ አይደለች? የነገርኳት ዕለት ማታ ማነው የከለከለህ ብላ ስትጨቀጭቀኝ፣ ‹እንትን ነች› ብዬ አለፍኳት። ስምሽን አልጠራሁም።»

አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተሳስታ የማታውቅ ሴት።

ቀና ብዬ መስኮቱን አየሁ። ጓደኛዬ ትራሷን ተደግፋ ቁልቁል ታየናለች። ዓይኔ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ፣ ያላደረገችውን መነጽር ከዓይኗ አወለቀችና በነጠላዋ ጫፍ ቀስ አድርጋ ጠረገችው።