ላልመጣ እንግዳ የተያዘ ቦታ

ሠርግ ቤት ሄዳችሁ የፊት ወንበሮች ባዷቸውን ተደርድረው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልትቀመጡ ስትሉ "ተይዟል" ይሏችኋል። ለማን? ለሹም። ሹሙ አይመጣም፤ ወንበሩን ከዕድር ቤት ተሸክመው ያመጡት ሽማግሌዎች ግን ዳሱ ጥግ ቆመው ይበላሉ። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ወሬኛ ይሉኛል፤ ይበሉ! ያየሁትን ካልተናገርኩ ዓይን ለምን ተሰጠኝ?

እኔ መካኒሳ አንድ መሥሪያ ቤት ሻይ አፍልቼ ነው የምኖረው። ሂሩት፣ ሀና ማርያም ሰፈር የጎረቤቴ ልጅ፣ እዚያው የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ለሙከራ ተቀጠረች። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቷት ነበር፤ ወይ ቋሚ ትሆናለች፣ ወይ ትሰናበታለች።

ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በሽቦ የሚገናኙበት አንድ ሳጥን አለ፤ ስዊች ይሉታል። ሂሩት አንድ ቀን ሻይ እየጠጣች፣ "ይሄ እኮ እንደ እርስዎ ነው፣ እትዬ ዘውዴ" አለችኝ። "ማን በየትኛው በር እንደሚገኝ ይይዛል፤ መልእክት ሲመጣ ለባለቤቱ ብቻ ይሰጣል። የማያውቀው ከሆነ ግን በየበሩ ሁሉ ይጮሃል።" የሳጥኑ ማስታወሻ ደግሞ ልክ አለው። ከፊሉ ለግቢው ኮምፒውተሮች፣ ከፊሉ ወደ ቅርንጫፎች ለሚወስደው መንገድ ይከፈላል። አንዱን ካሰፉት ሌላው ይጠባል። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከሦስተኛ ክፍል ነው፤ ግን ገባኝ።

ሥራ አስኪያጃችን ግን አልገባቸውም። (አንቱ የምላቸው ለሥልጣናቸው ነው።) ሻይ ይዤ ስገባ ሂሩትን አቁመው፣ "ሰፊውን ቦታ ለቅርንጫፎቹ አድርጊው!" ይላሉ።

"ቅርንጫፎቹ እኮ ገና አልተከፈቱም ጌታዬ። ለግቢው ኮምፒውተሮች አይበቃቸውም።"

"ይከፈታሉ! እንግዶች ከዋናው መሥሪያ ቤት ሲመጡ ምን ልናሳይ ነው? አንቺ ልጅ፣ የታዘዝሽውን ሥሪ!"

ሠራች። ለቡ ሰፈር ይከፈታል የተባለው ቅርንጫፍ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ድንጋይ የተከመረበት ሜዳ ነው! ለድንጋይ ክምር ቦታ ተያዘለት። ከእኛ ኮምፒውተሮች ግማሾቹ ከማስታወሻው ውጭ ቀሩ፤ ሳጥኑም የእነሱን መልእክት በየበሩ ይረጨው ጀመር። መሥሪያ ቤቱ ኤሊ ሆነ። አንድ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ሂሳብ ክፍል እስኪደርስ እኔ በእግሬ ሁለቴ እመላለሳለሁ። ሂሩት፣ "በምሳ ሰዓት ሳጥኑን አሥር ደቂቃ አጥፍቼ ላስተካክለው" ብላ ለመነች። እንግዶቹ ድንገት ቢመጡስ ተብሎ ተከለከለች።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ደረሳት፦ በችሎታ ማነስ ተሰናብተሻል።

ሻዬን ጥዬ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። "ያዘዙት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ቆሜ ሰምቻለሁ!"

ሳቀ። "እትዬ ዘውዴ፣ ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው።"

ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አስረዳሁት፤ ሳጥኑን፣ በሮቹን፣ የማስታወሻውን አከፋፈል። ሳቁ ቆመ። ገብቶታል! ፊቱ ላይ አየሁት። ተነሥቶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋና፣ "ልክ ነዎት፤ ግን እኔም ልጆች አሉኝ" አለኝ።

ሂሩት ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ወጣች። እንግዶቹም መጥተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ሳጥኑን ዞር ብለው ሳያዩ ሄዱ። በእሷ ቦታ የተቀጠረው ባለሙያ በማግሥቱ ሳጥኑን አጥፍቶ ቦታውን ለግቢው ኮምፒውተሮች መለሰላቸው፤ አሥር ደቂቃ ፈጀበት። ለዚህም የምስጋና ወረቀት ተጻፈ። ለሥራ አስኪያጁ! "ለሰጡት ብስል አመራር" ይላል። ሠራተኛው አዳራሽ ተሰብስቦ ወረቀቱ ሲነበብ አጨብጭቡ ተባለ። ሁሉም አጨበጨበ፤ የሠራተኛ አስተዳደሩማ መዳፉ እስኪቀላ።

እኔ? በሁለት እጄ የሻይ ትሪ ይዣለሁ። ትሪውን እግዜር ይስጠው።