ወይዘሮ ይጣራ የአደን መነጽር ገዙ

በዓለም ላይ ላለ ቤተሰብ ሁሉ አንድ አጣሪ ተመድቦለታል። ዳቦ ሲገዛ የተጋገረበትን ሰዓት የሚጠይቅ፣ ታክሲ ውስጥ ሾፌሩን «በዚህ በኩል ያስኬዳል?» ብሎ የሚያፋጥጥ፣ ዝናብ መጣ ሲባል እጁን በመስኮት አውጥቶ ካላረጋገጠ የማያምን ሰው። ለእኛ ቤት የደረሰችን ታላቅ እህቴ ናት። በሌለችበት፣ አንዳንዴም ባለችበት፣ «ክብርት ወይዘሮ ይጣራ» እንላታለን።

የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ከሐኪም ጽሑፍ አንዲት ፊደል ካጠራጠረቻት ስልክ ታነሳለች። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ላይ ናቸው ቢሏት «እጠብቃለሁ» ትላለች፤ ትጠብቃለችም። ሰልፈኛው ያጉረመርማል፣ ሳል የያዘው ይስላል፣ ራስ ምታት ያልነበረበትም ይጀምረዋል። እሷ ግን ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ «ይጣራ» እንዳለች ናት። እውነቱን ለመናገር ከዚያ መድኃኒት ቤት የተሳሳተ ክኒን ይዞ የወጣ ሰው እስካሁን አልተሰማም። ተሰልፎ ያመሸ ግን ብዙ ነው።

አደን ውስጥ የከተቷት አጎታችን ናቸው። ሠላሳ ዓመት አድነዋል፤ ከሠላሳ ዓመቱ የሚበዛው ግን ወሬው ነው። አንድ እሁድ ምሳ ላይ እሷን አዩና፣

«አደን ክኒን መቁጠር አይደለም። አንቺ ብትሄጂ አጋዘኑን መታወቂያ አምጣ ትይዋለሽ» ብለው ሳቁ።

ሁላችንም ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ሹካዋን አስቀመጠችና «ኮርሱ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለች።

እኔንም ይዛኝ ገባች። «እትዬ፣ እኔ እኮ ደም ሳይ ያዞረኛል» ብላት፣ «መኪና ያለህ አንተ ነህ» አለችኝ፤ ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ። ኮርሱን ጨረስን፣ የጀማሪ ፈቃድ አወጣን። ፈቃዱ ቀንድ ያለው አንድ ወንድ አጋዘን ብቻ ይላል። ጠመንጃ ከአደን ማኅበሩ ተዋስን። የቀረን የሩቅ መነጽር፣ ባይኖኩላር የሚሉት፣ ብቻ ነበር።

ብቻ!

ባለሱቁ ለስላሳ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን በፈገግታ ተቀበሉን። በአራተኛው ቀን ከሩቅ ሲያዩን ወደ ጓዳ ገቡ። መጀመሪያ ያወጡልን ክንድ የሚያህል ነገር ነበር።

«ይሄ አሥራ ሁለት እጥፍ ያቀርባል። ከዚህ የተሻለ የለኝም።»

ክብርት ወይዘሮ ተቀበለችና በመስኮት ወደ ማዶ አየች።

«እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡንም አሥራ ሁለት እጥፍ ነው የሚያደርገው?»

ባለሱቁ አሰቡ። በሥራ ዘመናቸው ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም መሰለኝ።

«እሱንም» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ይመለስ።»

«ስምንት በአርባ ሁለት» የሚል የተጻፈበትን አወጡ። ስምንቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፤ አርባ ሁለቱ ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር። መስታወቱ በሰፋ ቁጥር ብዙ ብርሃን ያስገባል፤ በሰፋ ቁጥር ደግሞ አንገት ያጎብጣል። እሷ ይህን ሁሉ በደብተር ጻፈች። የዓይን መነጽሯን እንዳደረገች ታይ ዘንድ የዓይን ማስደገፊያው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፍ እንደሆነ ጠየቀች። ይታጠፋል። አጠፈች፣ ዘረጋች፣ አጠፈች። ስምንት እጥፍ እንደሚበቃት አመነች። እኛም አለቀ ብለን ተነፈስን።

«ሱቅ ውስጥ በመብራት ማንም ያምራል» አለች። «አጋዘን የሚወጣው ጎሕ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ወንበር ደጅ ያውጡልኝ።»

ባለሱቁ ሦስት ወንበር አወጡ። ሦስታችንም ደጃፉ ላይ ተደርድረን ጀንበሯ እስክትጠልቅ ጠበቅን። ሲያመሽ በስድስት ባይኖኩላር ተራ በተራ የማዶውን ሕንፃ ደረጃ ቆጠርን። አራቱ ጨለሙብን። ከቀሩት ሁለት ውዱን ትታ መካከለኛውን መረጠች፤ ልዩነታቸው አልታየኝም ብላ። ባለሱቁ ውዱ ባይሸጥላቸውም ሊያቅፏት ምንም አልቀራቸውም።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ልምምድ ሆነ። ግራ ዓይን በመሃሉ መዘውር ይስተካከላል፣ ቀኝ ዓይን በራሱ ቀለበት። «ሁለት ዓይንህ እኩል ነው ያለህ ማነው?» አለችኝ። ማንም አላለኝም። ባይኖኩላሩ በአንገት ሳይሆን በደረት ማሰሪያ ይታሰራል፤ ስትራመድ እንዳይጋጭ። ክርን ጉልበት ላይ ወይም መስኮት ላይ ይደገፋል። ከሁሉም በላይ ግን፣

«ነገሩን በባዶ ዓይንህ ያዘው፤ ዓይንህን ሳትነቅል መነጽሩን ወደ ዓይንህ አምጣ። አጎንብሰህ መነጽር ስትፈልግ ነገሩ ይጠፋሃል።»

ይህን ከእራት በፊት ሃምሃምሳ ጊዜ ትሠራው ነበር። በመስኮቷ በኩል አራት ቤት አልፎ ያለ ጣሪያ ላይ አንድ ሚስማር መውለቁን አየች፤ ሄዳም በር አንኳኳች። ባለቤቱ ወጡና «እርስዎ እንዴት አዩት?» አሏት። «አጣርቼ» አለች። ሰውዬው ሚስማሩን መቱ። በሳምንቱ ወፍራም መጋረጃም ሰቀሉ።

የአደኑ ቀን ማለዳ ሦስታችን ሄድን። አጎታችን ከጉብታው ሥር ሲደርሱ አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጡ።

«የእኔ ጉልበት እስከዚህ ነው። እናንተ ላይ ውጡና ቁልቁል እዩ። ስትተኩሱ እሰማለሁ።»

ወጣን። እሷ ተቀምጣ ክርኗን ጉልበቷ ላይ ተከለች። የማዶውን ቁልቁለት እንደ ሐኪም ጽሑፍ በመስመር በመስመር ከፋፍላ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ጀመረች። አንድ ሰዓት አለፈ። ጠመንጃው እኔ ጋ ነው። ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ።

«እትዬ፣ ምን ታየሽ?»

«ድንጋይ።»

አሥር ደቂቃ ታገስኩ። «አሁንስ?»

«ሌላ ድንጋይ።»

ያን ጊዜ ነው በባዶ ዓይኔ ያየሁት። ከታች፣ ቁጥቋጦው ዳር፣ ጎንበስ ያለ ቡናማ ጀርባ። ከጀርባው በላይ የተንጨፋረረ ቀንድ። ይንቀሳቀሳል።

«ወንድ ነው! ቀንዱን አየሁት!» አልኩ በሹክሹክታ። ጠመንጃውን አነሳሁ።

«አፈሙዙን ወደ መሬት» አለች፣ ባይኖኩላሩን ወደዚያው እያዞረች።

«ይሄዳል እኮ!»

«ይሂድ።»

አልታዘዝኳትም። ይህን ለመጻፍ ያፍራል እጄ፤ ግን አልታዘዝኳትም። ጣቴ ቃታው ላይ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ይጣራ» ሲባል የሰለቸ ሰው ጣት ነበር።

«ቀንዱ...» አለች በቀስታ። «ቀንዱ ከራሱ አይደለም የበቀለው። ከጀርባው ነው። ቆይ...» የመሃሉን መዘውር በጣቷ ጥቂት አዞረች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ኮሌታ አለው።»

«ምን?»

«ኮሌታ። አጋዘን ኮሌታ የለውም።»

መዳፏን ጠመንጃው ላይ አሳርፋ ወደ መሬት ተጫነችው። ባይኖኩላሩን ከደረቷ ፈታ ሰጠችኝ። ሁለቱን ክርኖቼን ከሥር ደገፈችልኝ። ቡናማ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ አየሁ። ጎንበስ ብለው ጭራሮ ይለቅማሉ፤ የለቀሙትን ጀርባቸው ላይ አስረውታል። ቀና ብለው ወገባቸውን አሹ። በእጅጌያቸው አፍንጫቸውን ጠረጉ። የአንድ እግራቸው ጫማ በሲባጎ ነው የታሰረው። ከዚያ አንድ እንጨት አነሱ፣ ወዝወዝ አድርገው አዩት፣ አልወደዱትም መሰለኝ ጣሉት።

ጥይቱን ሳወጣ ከእጄ አምልጦ ሣር ውስጥ ወደቀ። ፈልጋ ያገኘችው እሷ ናት። «አላልኩህም?» አላለችም። የውሃ ጠርሙስ ከፈተችና «ጠጣ» አለችኝ።

ስንወርድ አጎታችን «ታዲያ የት አለ?» አሉ።

«አልቀናንም» አለች።

በመመለሻው አጎታችን ከኋላ ወንበር እንቅልፍ ወሰዳቸው። «እትዬ...» ብዬ ስጀምር፣ «መንገዱን እይ» አለችኝ።

ማታ እናታችን ቤት ራት ቀረበ። አጎታችን አፋቸው ተፈታ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ መነጽር መረጠች! ከዚያ አንድ ማለዳ ሙሉ ድንጋይ ቆጠረች! አጋዘኖቹ ስብሰባ ጠርተው ነው የሳቁት!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ምንም አላያችሁም እንዴ ልጆቼ?» አለች እናቴ።

እህቴን አየኋት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃት ነበር። የአጎታችንን አፍ ዕድሜ ልክ የምትዘጋ ዓረፍተ ነገር። ይህች ሴት የሰው ልደት ቀን በአንድ ቀን ቢሳሳት ከደጅ ተመልሳ የምታርም ሴት ናት። ዳቦዋን ቆረሰች።

«እኔ ነኝ ያዘገየሁት» አለች። «ሳጣራ ሄደ።» ጨውም ለአጎታችን አቀበለች።

የቆረስኩትን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

«አልሄደም» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀንዱን፣ ቃታውን፣ ኮሌታውን፣ ሲባጎውን። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። አጎታችን ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ምን ያህል ይርቅ ነበር?» አሉ።

«ሁለት መቶ እርምጃ» አልኩ።

«መቶ ሰማንያ» አለች እህቴ። ልትታገሥ ሞክራ ነበር፤ አልቻለችም።

አጎታችን «ሠላሳ ዓመት...» ብለው ጀምረው ተዉት። ምን ሊሉ እንደነበር ማንም አልጠየቃቸውም። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ አምጪው። ይሄ ቁጥር ምንድን ነው ያልሽኝ?»

መጀመሪያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተን ማን ተናገር አለህ?» አለችና በዓይኗ ገላመጠችኝ፤ ግልምጫው ግን መሃል ላይ ተሰበረ። እጇን ጠረገች፣ ወንበሯን ወደ አጎታችን ሳበች፣ ባይኖኩላሩን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች።

«ስምንቱን እናስቀድም፣ ጋሼ» አለች።

ይህን ትምህርት ሱቅ ውስጥ፣ መስኮት ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ አንዴም በሕልሜ ሰምቼዋለሁ። ወንበሬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።