የእትዬ ትርንጎ አሮጌ ኮምፒውተር

ሰው ዕቃ ሲመርጥ ዓይኑን ነው የሚያስቀድም። እኔም ከዚያው ነኝ፤ አልዋሻችሁም።

እዚህ ደብረ ታቦር፣ ቢሯችን አዲስ ላፕቶፕ ሲሰጠኝ እንዴት እንደጎረርሁ ብታዩኝ! ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ፣ ፕሮሰሰሩም የዘንድሮ። የመዝገብ ቤቷ የእትዬ ትርንጎ ኮምፒውተር ግን የጠረጴዛውን ግማሽ የያዘ፣ ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ነው። ፕሮሰሰሩማ በዕድሜ ለእኔው ላፕቶፕ አያቱ ይሆናል።

ሴትዮዋ ግን ጉድ ናቸው! ብሎን መፍቻ ከመሳቢያቸው አይጠፋም። ሲዘገይባቸው ክዳኑን ይፈቱና ሜሞሪ ይጨምሩለታል። ሃርድ ዲስኩ ሲያቃስት አውጥተው በፈጣን ቀየሩት። ለአንዲት ዕቃ ባሕር ዳር ድረስ ይሄዳሉ። ከጉና በበቅሎ የመጣ ገበሬ የመሬት ወረቀቱን ሳይዝ የተመለሰበትን ቀን አላስታውስም።

ታዲያ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ነው? እኔ! አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ እንዲሉ፣ ምክንያቱ ሞላ፤ አርጅቷል፣ ይጮኻል፣ ቢሮ ያበላሻል። እንዲወገድ ተስማማን። እትዬ ወሬውን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ‘እሱ ከወጣ እኔም ጡረታዬን እጠይቃለሁ’ አሉ አሉ።

ዓርብ ዕለት ቃለ ጉባኤውን ልጽፍ ተቀመጥሁ። የቢሯችንን ግዙፍ የንብረት መዝገብ ፋይል ስከፍትበት፣ ላፕቶፔ ድርቅ! ባለሙያ ጠራሁ። ሜሞሪው አንሶታል፤ ፋብሪካ ሲሠራ ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ መጨመርም መቀየርም አይቻልም አለኝ። ምን አማራጭ አለኝ? ቃለ ጉባኤውን እንዲጽፉልኝ እትዬ ዘንድ ሄድሁ። ያንኑ መዝገብ አሮጌው በአንድ ጉርሻ ዋጠው። አቤት!

ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። በገዛ እጃቸው ‘የእትዬ ትርንጎ ኮምፒውተር ይወገድ’ ብዬ ላስጽፋቸው? በምን ዓይኔ? ይሉኝታ ያዘኝና ‘ሥራ ያቃተውና ማሻሻያ የማይቀበለው ኮምፒውተር ይወገድ’ አልኋቸው። የትኛው እንደሆነ ማን ይጠፋዋል ብዬ። ቀና ሳይሉ ጻፉ፤ አተሙ፤ ኮሚቴዎቹ ፈረምን።

ሰኞ ጠዋት የንብረት ክፍሉ ጋሽ ሞላ ወረቀቱን ይዘው መጡ። የተጻፈውን እንጂ የታሰበውን የማያውቁ ሰው ናቸው። መጀመሪያ እትዬ ዘንድ ገቡ። እትዬ ክዳኑን ፈተው አሳዩአቸው። ጋሽ ሞላም ‘ይኸስ ማሻሻያ ይቀበላል’ አሉና ወደ እኔ ተሻገሩ። ላፕቶፔን ገለበጡት፤ ባለሙያውን ጠየቁት፤ ከዚያ በጋቢያቸው ጠቅልለው ውልቅ!

‘ኧረ ጋሽ ሞላ! እንዲያ ለማለት አይደለም!’ እያልሁ ተከተልኋቸው። ወረቀቱን ዘረጉልኝ። ‘ታዲያ ይኸ ፊርማ የማን ነው?’ አሉኝ። የእኔው ነው፤ ያውም ማኅተም የተመታበት።

አሁን የሚጻፍ ሲኖረኝ ከገበሬዎቹ ኋላ ተሰልፌ እትዬን እጠብቃለሁ። ተራዬ ደርሶ ‘ምን ልጻፍልዎ?’ ሲሉኝ ይሉኝታ የሚባል የለም፤ ስም ከነአባት ጠርቼ ነው የማስጽፍ።