አንቴና ሠሪው ሽማግሌ ሲልክ

ሰው "ሥራህ ምንድን ነው?" ሲለኝ እጨነቃለሁ። የሞባይል አንቴና እነድፋለሁ፣ ዩኒቨርሲቲም ይህንኑ አስተምራለሁ ስል ወዲያው ስልኩን ያገላብጣል። "የታለ አንቴናው?" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ቀንድ ያላቸው ስልኮች ቀርተዋል። አሁን አንቴናው በስልኩ ሆድ ውስጥ ያለች የታጠፈች ብረት ናት። አንዱ ክንዷ ረዥም፣ አንዱ አጭር። ረዥሙ ሩቅ የሚጓዘውን ሞገድ ያደምጣል፣ አጭሩ ከተማ ውስጥ የሚበዛውን። ቦታዋ ደግሞ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ወዳጄ፣ በአንድ ድስት ለጾመኛውም ለፍስከኛውም ወጥ ሥራ ብትባል ምን ትላለህ? የእኔ እንጀራ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ያስለፈለፈኝ የትዳሬ ነገር ነው። አስናቀችን ለማግባት ሸዋ ሮቢት ሽማግሌ የላክሁት ሞባይል ወደ ቆላው መግባት በጀመረበት ዘመን ነው። ዋናው ሽማግሌ የአባቴ ጎረቤት ጋሽ ኢብራሂም ነበሩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት አይደል የሚባለው? ሥራዬን እንዲያስረዱልኝ ቀድሜ አስጠናኋቸው። አንቴናው ከታች በኩል ነው፣ መዳፍ ከሸፈነው ድምፅ ይቆራረጣል አልኳቸው።

የልጅቱ አባት ጋሽ ደምሴ ሽንኩርት አምራች ናቸው፤ ደግ ሰው። ችግሩ ታላቅ ወንድማቸው ነው። ሰውየው ጣርማ በር ብርድ ውስጥ ቁጭ ብለው የቆላውን ቤት ያዛሉ። በሬ ሲሸጥ እሳቸው፣ ለልጅ ስም ሲወጣ እሳቸው። አሁንም ያለ እሳቸው ቃል ልጅ አይሰጥም ተባለና ተደወለ።

ይቆረጣል። ደግሞ ይደወላል፣ ደግሞ ይቆረጣል። ጋሽ ደምሴ ላባቸውን እየጠረጉ ኔትወርኩን ረገሙ። ጋሽ ኢብራሂም አላስቻላቸውም።

"ወላሂ የኔትወርኩ ጥፋት አይደለም! ከታች አንቀው ይዘውት እኮ ነው። እስቲ ከፍ አድርገው ይያዙት።"

ያዙት። ድምፁ ጥርት አለ! ላውድ ላይ ነበርና ቤቱ ሁሉ ሰማ። ሽማግሌዎቹ በሙያዬ ኮሩ።

"ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" አሉ ታላቅየው።

"የስልክ አንቴና ይሠራል፣ ጋሼ" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"አንቴና? የዛሬ ስልክ አንቴና አለው እንዴ? ሥራ ፈት ነው በለኛ! ስማ ደምሴ፣ ልጅቷን…"

አስናቀች ጓዳ ሆና ትሰማለች፤ አለቀልን ብዬ ነበር ትለኛለች እስከ ዛሬ። ጋሽ ደምሴ ስልኩን አዩት። ወደ ጓዳው አዩ። ከዚያ መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ወደ ታች አወረዱና ጭምቅ አደረጉት። የጣርማ በሩ ድምፅ ተንተባተበ፣ ተቆራረጠ፣ ጠፋ።

"ኔትወርኩ ሄደ" አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። "ጋሼም የተቃወሙ አልመሰለኝም። ሰጥተናል።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ ጋሽ ኢብራሂም።

እኔ አሁን ለተማሪዎቼ ጥሩ አንቴና ማለት እጅ ቢሸፍነውም የሚሠራ ነው እያልኩ አስተምራለሁ። እንዲህ ያለ ስልክ ግን ለአማቼ አልገዛላቸውም።